ልጆቻችን ሲያድጉ፦ ጥያቄና መልስ ከጅማ

ትምህርት ቤት ሊዘጋ ነው። ክረምቱ ከገባ በኋላ ልጆች ቀኑን ሙሉ ቤት ይውላሉ። የእናቶች ጥያቄም በዚህ ሰሞን ይበዛል። ከደረሱኝ ውስጥ ቶሎ መልስ የሚፈልጉትን መረጥኩ። አንዳንዱን አሳጥሬዋለሁ፤ የልጆቹን ማንነት የሚያሳውቅ ነገርም አውጥቻለሁ። እኔ ልጆች የማሳድግ እናት ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ስለዚህ ጤናን በሚመለከት የጻፍኩት ባለሙያዎች የሚሉትን ነው።

ልጄ 14 ዓመቱ ነው። ድሮ ከትምህርት ቤት ሲመጣ ቦርሳውን እንኳን ሳያወርድ ነበር ወሬውን የሚጀምረው። አሁን "እንዴት ዋልክ?" ስለው "ደህና" ብሎ ክፍሉ ይገባና በሩን ይዘጋል። ምን አስቀይሜው ይሆን? (ከመንቲና)

እህቴ፣ ያስቀየምሽው ነገር አለ ብዬ አላስብም። ዕድሜው ነው። በወንዶች ልጆች ላይ የጉርምስና ለውጥ አብዛኛውን ጊዜ ከ9 እስከ 14 ዓመት ባለው ጊዜ ይጀምራል። ድምፁ ይጎረናል፣ ቁመቱ በአንድ ክረምት ይመዘዛል፣ ፊቱ ላይ ብጉር ይወጣል። እሱ ራሱ ገና ያልለመደውን ሰውነት ይዞ ነው የሚውለው። ብቻውን መሆን ቢያምረው አይገርምም።

ግን አንድ ነገር አስተውዪ። ልጅ ትንሽ እያለ የሚወደው ጥያቄ ሲያድግ ምርመራ ይሆንበታል። "ፈተና ስንት አመጣህ? ከማን ጋር ነበርክ? ለምን አመሸህ?" እያንዳንዱ ጥያቄ የሚያስመሰግን መልስ አለው፤ የሚያስቆጣም አለው። ልጁ ይህን በደንብ ያውቃል። ስለዚህ "ደህና" ይልና ይገላገላል።

እኔ የማምንበት ይህን ነው። ልጅ እያደገ ሲሄድ ጥያቄውን ቀንሱለት፣ አጠገቡ መገኘታችሁን ግን ጨምሩ። ብዙዎቻችን ግን ተገላቢጦሹን ነው የምናደርገው። "አሁንማ ራሱን ችሏል" ብለን ቀኑን ሙሉ እንርቀዋለን፤ ማታ ሲመጣ በጥያቄ እናጣድፈዋለን።

እንዴት አድርጌ ልቅረበው ካልሽ፣ ሥራ አብራችሁ ሥሩ። ቡና ስትለቅሚ ግማሹን አካፍዪው። ሐሙስ ገበያ ስትወጪ ዘንቢሉን እሱ ይያዝልሽ። መንገዱን ሁሉ ዝም ብላችሁ ብትሄዱ ምንም አይደለም። እንዲህ ያለ ዕድሜ ላይ ያለ ልጅ ፊት ለፊት ተፋጦ ከማውራት ይልቅ እጁ ሥራ ይዞ፣ ጎን ለጎን ሆኖ ማውራት ይቀለዋል። ዛሬ ምንም ላይል ይችላል። አንድ ቀን ግን ሽንኩርት እየላጠ "ክፍላችን ውስጥ አንድ ልጅ ሲጋራ ያጨሳል" ይልሻል። ያኔ ነው ዋናው ፈተና። ቢላዋውን አስቀምጠሽ "ማነው እሱ? አንተስ?" ካልሽ ወሬው እዚያው ያበቃል። "እሺ፣ ከዚያስ?" በዪው። ሌላ አትጨምሪ። ምክሩ ነገም ይደርሳል።

ሁለተኛው ነገር ለእኛ ለጅማ እናቶች ከባድ ነው፤ ግን ልበለው። የልጅሽን ምስጢር ቡና ላይ አታውሪው። ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ሲሰበሰብ የልጆች ነገር መነሳቱ አይቀርም። አንቺ በፍቅር ነው የምታነሺው። እሱ ግን በማግስቱ የጎረቤት እናት "አንተ፣ ሰማሁልህ!" ስትለው ሁለተኛ አፉን አይከፍትልሽም። በዚህ ዕድሜ ከተዘጉ አፎች ብዙዎቹ የተዘጉት በዚህ መንገድ ይመስለኛል።

ዝምታው ከዕድሜው በላይ የሆነ ከመሰለሽ ግን አትጠብቂ። ምግብ ካስጠላው፣ እንቅልፍ ካጣ ወይም ቀኑን ሙሉ ከተኛ፣ ከአንቺ ብቻ ሳይሆን ከጓደኞቹም ከራቀ፣ ውጤቱ በድንገት ካሽቆለቆለ፣ "ብሞት ይሻለኛል" ዓይነት ንግግር ካመጣ፣ ይህ ሕክምና የሚፈልግ ነገር ነው። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። ልጅን ወደዚያ መውሰድ ነውር አይደለም፤ ወባ ሲይዘው እንደምትወስጂው ነው።

አማቴ የ8 ዓመት ልጄን ቡና ታጠጣታለች። "በረካው ቀጭን ነው፣ ምን ያደርጋታል?" ትለኛለች። እውነት አይጎዳትም? (ከሄርማታ)

በረካው ከአቦሉ ቢቀጥንም ቡና ነው። ካፌይን አለው። የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን ልጆች በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደታቸው ከ3 ሚሊግራም በላይ ካፌይን ባይወስዱ ይመረጣል ይላል። 25 ኪሎ የምትመዝን ልጅ ከሆነች 75 ሚሊግራም ማለት ነው። በቤታችን ቡና አንድ ሲኒ ውስጥ ምን ያህል እንዳለ ደግሞ እንደ አፈላሉ ይለያያል፤ ለክቶ መስጠት አይቻልም። ስለዚህ አለመስጠቱ ይሻላል።

እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ቡናም ሻይም ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ከምግብ በኋላ ሲጠጣ ከጤፍ፣ ከምስርና ከጎመን የምናገኘው ብረት ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያግዳል። በማደግ ላይ ላለች ልጅ ብረት ዋና ነገር ነው። የማታ ቡና ደግሞ እንቅልፏን ይነሳታል። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት መተኛት አለበት።

አማትሽን ግን አትጣያቸው። እሳቸው ልጅቷን ከቡናው ሥርዓት እንዳትለይ ነው የፈለጉት፤ ይህ ደግሞ ትክክል ነው። ቄጠማውን እሷ ትጎዝጉዝ፣ ቆሎውን እሷ ታቅርብ፣ ሲኒውን እሷ ታድርስ። ለእሷም በሲኒ ወተት ይቀዳላት። "እማማ፣ ሐኪም ትንሽ እስክታድግ ድረስ ብሎናል" ካልሻቸው የሚቀየሙ አይመስለኝም።

የ13 ዓመት ሴት ልጅና የ12 ዓመት ወንድ ልጅ አሉኝ። ልጅቷ "ለምን እኔ ብቻ?" እያለች ታስቸግረኛለች። ሥራ መልመድ የለባትም ወይ? (ከመርካቶ)

መልመድ አለባት። ወንድሟም መልመድ አለበት። ጥያቄዋ ሥራ ጠልታ አይመስለኝም፤ ፍርድ ፈልጋ ነው። እሷ ዕቃ ስታጥብ እሱ ኳስ ሲጫወት በዓይኗ እያየች ነው። ሳምንቱን ለሁለት ክፈዪላቸው፤ በዚህ ሳምንት ዕቃ የሚያጥበው እሱ፣ ቤት የምትጠርገው እሷ፣ በሚቀጥለው ይቀያየሩ። አባታቸውም አንድ ቀን ዕቃ ሲያጥብ ይዩት። ነገ ልጅሽ ዩኒቨርሲቲ ሌላ ክልል ቢደርሰው ወጥ ሠርቶ መብላት የሚችል ወንድ ይሆናል።

እናቴ ስልኬን ተደብቃ ትከፍታለች። መልእክቶቼን ሁሉ ታነባለች። ምንም የደበቅኩት ነገር የለም፤ ግን ያናድደኛል። 16 ዓመቴ ነው። (ከአጂፕ)

የኔ ልጅ፣ ለእኔ መጻፍሽ ደስ ብሎኛል። መናደድሽም ይገባኛል። እናትሽ ግን የጓደኞችሽ ጨዋታ ናፍቋት አይደለም ስልክሽን የምትከፍተው። የማታውቀው ትልቅ ሰው ይጽፍላት ይሆን፣ ፎቶ ላኪ ይላት ይሆን ብላ ነው የምትፈራው። ይህ ፍርሃት መሠረት የለውም አልልሽም። እንዲህ ዓይነት ሰዎች አሉ።

ስለዚህ ከመቆጣትሽ በፊት አንቺ ቀድመሽ ውል አቅርቢላት። ማታ ስልኩ ሳሎን ይደር። የቲክቶክና የቴሌግራም ገጽሽን የማታውቂያቸው ሰዎች እንዳያዩት ዝጊው። የማታውቂው ሰው ደጋግሞ ከጻፈልሽ በዚያው ቀን ንገሪያት። በምላሹ እሷ ከጓደኞችሽ ጋር የምታወሪውን አታንብብ። ይህን በተረጋጋ ሰዓት ብትነግሪያት የምትሰማሽ ይመስለኛል።

አንድ ነገር ደግሞ ከልብሽ ያዢልኝ። ማንም ሰው በፎቶ ቢያስፈራራሽ የሚጠይቅሽን አትስጪው፤ ሌላ ፎቶም አትላኪ። መልእክቶቹን አታጥፊያቸው፣ ማስረጃ ናቸው። ወዲያው ለእናትሽ ወይም ለምታምኚው ትልቅ ሰው ንገሪ። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም።

ለእናትየውም አንድ ቃል፦ እህቴ፣ ተደብቀሽ ከፈተሽሽ ልጅሽ የምትማረው መጠንቀቅን አይደለም፤ አንቺ የማታውቂው ሌላ አካውንት መክፈትን ነው።

ቤታችን አማርኛ ነው። ልጄ አያቱ ጋ አፋን ኦሮሞ ያወራል፣ ትምህርት ቤትም እንዲሁ። አሁን 6 ዓመቱ ነው፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሁለቱን ይቀላቅላል። ዘመዶቼ "ቋንቋ አምታታችሁበት" ይሉኛል። (ከቦሳ)

አልተምታታበትም። ሁለት ቋንቋ የሚሰማ ልጅ ሁለቱን መቀላቀሉ የተለመደ ነው። ጅማ ውስጥ እኛ ትልልቆቹስ እንቀላቅል የለ? ሁለት ቋንቋ መስማት ልጅን አፉን እንዳይፈታ አያደርገውም። በአማርኛው የማያውቀው ቃል ካለ ብዙ ጊዜ በሌላው ያውቀዋል። ሲቀላቅል "ተሳሳትክ" አትበዪው። የተናገረውን አንቺ በአማርኛ ድገሚው፣ በቃ። አያቱም በራሳቸው ቋንቋ ይቀጥሉ፤ "አኮ" እያለ የሚያወራላቸው የልጅ ልጅ ማግኘት ለእሳቸውም ሀብት ነው።

የሚያስቸግረው ንባቡ ነው። አፋን ኦሮሞ ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ የሚጻፈው በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል፣ ስለሆነ ልጆቻችን በአንድ ጊዜ ቁቤን፣ ፊደልንና እንግሊዝኛን ይማራሉ። በእንግሊዝኛ "ሲ" የምንላት ፊደል በቁቤ "ጭ" ናት። "ኤክስ" ደግሞ "ጥ" ናት። ልጁ አንዱን በሌላው ድምፅ ቢያነብ ስንፍና አይደለም፤ ሕጉን አጥብቆ ይዞ ነው። ፊደሉን ቤት ውስጥ በቀስታ አስጀምሪው። አንድ ሳምንት ላይ ሁለትና ሦስት ፊደል ከነቤተሰቡ ይበቃል። መንገድ ስትሄዱ ደግሞ የሱቆቹን ታፔላ አስነብቢው። በከተማችን ብዙው ታፔላ በሦስቱም ቋንቋ ስለተጻፈ እንደሱ ያለ መጽሐፍ አታገኚም።

ልጄ በሚቀጥለው ዓመት የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ነው። "ሌሊት ለማንበብ" ብሎ ከጓደኞቹ ጋር ጫት ጀምሯል። እኔም ስለምቅም ልከለክለው አፌ አልደፍር አለኝ። (ከጊንጆ፣ አባት)

ወንድሜ፣ ይህን ጽፎ መላክ ቀላል አይደለም። አመሰግናለሁ።

ጫት እዚህ ባዕድ ነገር አይደለም። ከጓሮ ይቆረጣል፣ ብዙ ቤት የሚተዳደረው በእሱ ነው፣ ሽማግሌዎች ዱዓ ላይ ይይዙታል። ይህን ሁሉ አውቄ ነው የምነግርህ፤ ለ17 ዓመት ተማሪ ግን አይሆንም። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገር ያነቃል፣ ረሃብን ያጠፋል። ስለዚህ ልጁ ሌሊቱን ሙሉ መጽሐፍ ላይ ያፈጣል። ነገር ግን አንጎል ቀን የተማረውን የሚያደራጀው በእንቅልፍ ነው። ከ13 እስከ 18 ዓመት ላለ ሰው ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። በምርቃና የገባው የመሰለው ነገር ሁሉ እንቅልፍ አጥቶ አይቀመጥለትም። በማግስቱ ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል፣ ምግብ ያስጠላዋል። ሲያቆም ደግሞ ዱካኩ ይመጣል፤ ያን ለማጥፋት እንደገና ይቅማል።

ሌላም አለ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው፣ እዚያው እያደሩ መፈተን ጀምረዋል። ግቢ ውስጥ ጫት አይገባም። ንባቡን ሁሉ በጫት የለመደ ልጅ ያን ሳምንት ምን ይሆናል? ይህን ራሱን ጠይቀው። ከማንኛውም ስድብ በላይ ያሳስበዋል።

አንተ ስለምትቅም መናገር አትችልም ማለት ግን አይደለም። እንዲያውም ከእናቱ በላይ የሚሰማህ አንተን ነው። ቁጭ ብለህ በስንት ዓመትህ እንደጀመርክ፣ ስንት ገንዘብና ስንት ከሰዓት እንደወሰደብህ፣ ለማቆም ሞክረህ ከነበረም ምን እንዳስቸገረህ ንገረው። አባት ለልጁ እውነቱን ሲያወራ ክብሩ አይቀንስም። ከዚያ አንተም የበኩልህን አድርግ፤ በርጫው ከቤት ይውጣ፤ ቢያንስ ልጁ ተፈትኖ እስኪጨርስ። እሱ በር ዘግቶ ሲያነብ ሳሎን ውስጥ ጫት ተዘርግቶ ከሆነ ምክርህ አይደርሰውም።

ክረምቱ ለዚህ ጥሩ ጊዜ ነው። ከማታው 4 ሰዓት ይተኛ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ይነሳ፤ 8 ሰዓት ሞላ። ከቁርስ በኋላ፣ ጭንቅላቱ ትኩስ ሳለ፣ የሚከብደውን ትምህርት ያንብብ። አንተም በዚያ ሰዓት አጠገቡ ጋዜጣም ቢሆን፣ ቁርዓንም ሆነ መጽሐፍ ቅዱስ ይዘህ ተቀመጥ። አጥና አትበለው፤ ከጎኑ መቀመጥህን ያየዋል።

ልጄ 11 ዓመቷ ነው። ጡቷ ማጎጥጎጥ ጀምሯል። የወር አበባ ከመምጣቱ በፊት ልንገራት ወይስ ሲመጣ? ማፈሬ አልቀረም። (ከበቾ ቦሬ)

አሁን ንገሪያት። ጡት ማጎጥጎጥ ከጀመረ በኋላ የወር አበባ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓመት ወይም ትንሽ ከዚያ ቆይቶ ይመጣል፤ አንዳንዷ ላይ ግን ቶሎ ይመጣል። ሳታውቅ ትምህርት ቤት ብትደማ የሚደርስባትን ድንጋጤ አስቢው። ብዙዎቻችን እንዲያ ነው ያወቅነው። እሷ ግን እንዲያ ማወቅ የለባትም።

ረጅም ንግግር አያስፈልግም። "በየወሩ ጥቂት ቀን ደም ይመጣል፣ ሕመም አይደለም፣ እኔም ይመጣብኛል፣ ሲመጣ ለእኔ ንገሪኝ።" ከዚያ ሞዴሱን አሳያትና እንዴት እንደሚደረግ እጇ ይሞክረው። ቢበዛ በየ4 እስከ 6 ሰዓቱ መቀየር እንዳለበት፣ ተጠቅልሎ እንደሚጣል ንገሪያት። የጨርቅ ከሆነ በሳሙና ታጥቦ ፀሐይ ላይ በደንብ ይድረቅ፤ በጅማ ክረምት ይህ አስቸጋሪ ስለሆነ ሦስትና አራት ቅያሪ ይኑራት። ቦርሳዋ ውስጥ ሞዴስ፣ ቅያሪ ፓንትና ፌስታል በትንሽ ኪስ አስቀምጪላት። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ቀኑ ቢዘበራረቅ አትደንግጡ። ሕመሙ ከትምህርት ቤት የሚያስቀራት ከሆነ ወይም ደሙ ከሳምንት በላይ ከቆየ ግን ጤና ጣቢያ ውሰጃት።

ጤና ጣቢያ ከሄድሽ አይቀር ስለ ማህፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት ጠይቂ። በአገራችን ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለልጃገረዶች ይሰጣል።

ማፈርሽን በተመለከተ፣ እያፈርሽም መናገር ይቻላል። "እኔም ትንሽ አፍሬያለሁ፣ ግን ልነግርሽ ፈለግኩ" በያት።

የ9 ዓመት ልጄ እንደ ጓደኛው ረመዳንን ሙሉ ቀን ልጹም አለ። ልፍቀድ? (ከሄርማታ)

ፆም ግዴታ የሚሆነው አካለ መጠን ሲደርሱ ነው። ፍላጎቱን ግን አታዳፍኚው። እስከ ቀትር ይጹም፣ ሱሁር ላይ ቀስቅሱት፣ አፍጥር ላይ ከትልቆቹ ጋር ይቀመጥ። ራሱን ካዞረው ወይም ከደከመው ወዲያው ይብላ። የክርስቲያን ጎረቤቶቼም በፍልሰታ ልጆቻቸውን ቀስ በቀስ እንዲህ ያስለምዷቸዋል።

ክረምቱን ልጆች አዌቱ ወንዝ ዳር ነው የሚውሉት። ብከለክላቸው ቤት ውስጥ ይጣላሉ። የት ልውሰዳቸው?

በክረምት አዌቱ ውስጥ እንዳይገቡ መከልከል ልክ ነው። ላይኛው አገር ሲዘንብ ውኃው ሳይታሰብ ይሞላል፤ የከተማው ቆሻሻም የሚሄደው ወደዚያው ነው። ጅማ አካባቢ ባሉ ወንዞች ብልሃርዚያም አለ፤ በሽታው በቆዳ በኩል ነው የሚገባው፣ ውኃውን መጠጣት አያስፈልግም።

ጅሬን ውሰጃቸው። ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ስሙን ይሰሙታል እንጂ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ገብተው ያላዩ የጅማ ልጆች ብዙ ናቸው። ዳግማዊ አባ ጅፋር ጅማን እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የገዙት ከዚያ ኮረብታ ላይ ሆነው ነው። የእንጨቱን ሥራ ልጆቹ በቅርብ ይዩት፤ ከላይ ሆነውም ሰፈራቸውን ይፈልጉ። መሐል ከተማ ደግሞ የጅማ ሙዚየም አለ፤ የንጉሡና የቤተሰቡ ዕቃዎች እዚያ ይገኛሉ። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ስለሚበረታ ጠዋት ውጡ፤ ለትንሹ ቅያሪ ካልሲ ያዢለት።